ናናይ ወደ ስልክ ያልመጣችባቸው እሁዶች

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 6፣ 1997

ዶክተሩ ተኚ አለኝ። እስክትወልጂ ተኚ፣ ለሽንት ቤት ካልሆነ አትነሺ፣ ከባድ ነገር አትሸከሚ፣ አትደንግጪ። የመጨረሻዋን ግን እኔን እያየ ለባሌ ነው የነገረው። «እንዳትደነግጥ ጠብቃት።» አርሴኒዮ እንደ ጎበዝ ተማሪ አንገቱን ነቀነቀ።

በአርባ ሦስት ዓመቴ አርግዤ ሶፋ ላይ ተጋደምኩ። ስድስተኛ ወሬን ይዣለሁ። ዊኒፔግ ከገባሁ ጀምሮ፣ መጀመሪያ የሰው ልጅ ሳሳድግ፣ ኋላ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አንሶላ ሳጥብ፣ ተረጋግቼ ቁጭ ብዬ የበላሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። አሁን ልጄ ሩቢ ሾርባ ታቀርብልኛለች። ይህን ደብተር የገዛችልኝም እሷ ናት። «ማሚ፣ ከግድግዳ ጋር ከምትጣዪ እዚህ ላይ ጻፊ» አለችኝ። አፏ ቁርጥ የናናይ ነው። ምን ይደንቃል፣ እናቴ ናት ያሳደገቻት።

እዚህ አገር ሁለት ጊዜ አስወርዶኛል። ሦስተኛ አልፈልግም። ስለዚህ ተኛሁ።

እሁድ፣ ጃንዋሪ 12

ናናይን አገኘኋት። አገር ቤት፣ ጊምባል ያለው የእናቴ ቤት ስልክ የለውም። የሠፈሩ ሱቅ ጋ እንደውላለን፣ ይጠሯታል፣ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ትመጣለች። ዛሬ ቆየች። ስትደርስም ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር።

«ዴሊስ፣ በር ላይ እንዳትቀመጪ። በር ላይ የምትቀመጥ እርጉዝ ምጥ ይጸናባታል።»

«ናናይ፣ ውጭው ከዜሮ በታች ሠላሳ ነው። የት አባቴ በር ላይ እቀመጣለሁ?»

«እንግዲያስ እግዜር ራሱ በሩን ዘግቶልሻል» ብላ ሳቀች። ሳቋ ወደ ሳል ዞረና ታናሽ እህቴ ኤዲታ ስልኩን ተቀበለቻት። ምን ሆነች ብላት «ጉንፋን ነው» አለችኝ። ገና ጠይቄ ሳልጨርስ።

መልስ አዘጋጅቶ የሚጠብቅ ሰው አልወድም።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 15

ጎህ ሳይቀድ ስልክ ጮኸ። አርሴኒዮ ምድር ቤት ወርዶ ከታችኛው ስልክ አነሳው። ሲመለስ «ቁጥር ተሳስተው ነው» አለ። ቁጥር ለተሳሳተ ሰው ይህን ያህል ይወራል? ደግሞ ፊቱን ታጥቦ ነው የመጣው።

ቀጥሎ ሩቢን ጠርቶ አብረው ምድር ቤት ወረዱ። ከዚያ እሷ መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃ ከፈተች። ውሃው ወረደ፣ ወረደ። ልጅቷ ትምህርት ቤት ረፈደባት።

ምንድን ነው ብዬ ጮህኩ። «ምንም!» አሉ፣ ሁለቱም በአንድ አፍ።

ሐሙስ

የሩቢ ዓይን አብጧል። «ብርዱ ነው» አለች። ብርድ ጆሮ ይቆርጣል እንጂ ዓይን አያሳብጥም። ወንድ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ሆኗታል፣ ወንድ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? አባቷም ሰምቶ ከእኔ እየደበቀላት ነው።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 17

እንዲያውም የሩቢ ጉዳይ ላይሆን ይችላል።

አርሴኒዮ ከእራት በኋላ ለባበሰ። ወዴት ነው ስለው «የመዘምራን ልምምድ» አለኝ። አርሴኒዮ! ልደት ላይ ሲዘፍን ሕፃናት የሚያለቅሱበት ሰውዬ! የመኪና ጥሩምባ ሰማሁና በመስኮት አየሁ። የማሪቪክ ቀይ መኪና ናት። ማሪቪክ የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን መሪ ናት። ባሏ ጥሏት ቶሮንቶ ከገባ ሁለት ዓመት ሆነው። ጥርሷ ያምራል። ስትስቅ ሁለት ቤት ተሻግሮ ይሰማል።

ዛሬ ግን አልሳቀችም። የመኪናውን በር ከፈተችለትና ትከሻውን ነካ አደረገችው። በዓይኔ ነው ያየሁት።

እሁድ፣ ጃንዋሪ 19

ልደውል ስል አርሴኒዮ የስልክ ካርዱን ከእጄ ወሰደና «ሱቁ ተዘግቷል» አለ። ባለሱቁ ልጁን ሊድር ማኒላ ሄዷል አሉ። ማን ነገረህ ስለው «ኤዲታ ጽፋ ነበር» አለ።

የጊምባል ቄስ ቤት ቁጥር እኔ ጋ አለ። ቄሱ ሰው ልከው ሊያስጠሯት ይችሉ ነበር። ደከመኝና ተውኩት። ደግሞ ቄስን በእሁድ ማስቸገር ነውር ነው።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 21

አንድ ማታ አርሴኒዮ ይወጣል፣ ሩቢ ትጠብቀኛለች። በማግስቱ እሷ «ቤተ መጻሕፍት» ትላለች፣ እሱ ይጠብቀኛል። የእስር ቤት ዘበኞች ተራ ሲለዋወጡ እንዲህ ነው።

ጃኬቱን አሸተትኩት። ሽቶ አይደለም፣ ሻማ ነው። ሻማ አብርቶ እራት የሚበላ ሰው ያየሁት በቴሌቪዥን ብቻ ነው።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 23

ዛሬ ማናንግ ሶሊንግ መጡ። እኔ እዚህ አገር ስገባ ማንንም ሳላውቅ የተቀበሉኝ፣ ካፖርት እንዴት እንደሚቆለፍ ያስተማሩኝ፣ እንደ ታላቅ እህት «ማናንግ» የምላቸው ትልቅ ሴት ናቸው። ሁሌ ሲመጡ ሐሜት ይዘው ነው የሚመጡት። ዛሬ የሩዝ ኬክ ይዘው መጡና ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው እጄን ያዙ። አልለቀቁትም። ኋላም አንገቴን አቅፈው ቆዩ።

«ማናንግ፣ ምን ሆነዋል? አረገዝኩ እንጂ አልታመምኩ!»

«ምንም አልሆንኩ ልጄ። ብቻ አሰብኩሽ።»

ዓይናቸው እርጥብ ነበር። ይህን ዓይነቱን ዓይን አውቀዋለሁ። ባሏ የሚማግጥባትን ሴት ሰው እንዲህ ነው የሚያያት። እኔም ራሴ በሌሎች ላይ እንዲህ አይቻለሁ። ኬክ ሁሉ ወስጄላቸዋለሁ።

ሲወጡ አርሴኒዮ እስከ ደረጃው ሸኛቸው። በሩ ገርበብ ብሎ ቀርቶ ስለነበር ድምፃቸው ይሰማኛል።

«እስከ መቼ ነው የምትደብቃት?» አሉ እሳቸው።

«እስክትወልድ።»

«ስታውቅ ይቅር አትልህም።»

«አውቃለሁ ማናንግ። ይቅር አትበለኝ።»

ይኸው ነው። ሌላ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ? ለመጣላት እንኳ መነሳት አልችልም። ድምፄን ከፍ ካደረግሁ ሆዴ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። እስክወልድ! ደግ ሰው ነው እኮ፣ እስክወልድ ይጠብቀኛል። ስድስት ዓመት ሙሉ ለብቻዬ ኖሬ፣ የወረቀታቸውን ነገር ለብቻዬ ሮጬ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ስቀበለው እንደ ሙሽራ ተኳኩዬ ነበር። ይኸው ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ...

ልጄ ታውቃለች። ይህ ነው የሚያመኝ። ሩቢ እያወቀች ሾርባ ታቀርብልኛለች።

እሁድ፣ ጃንዋሪ 26

ሱቁ አሁንም ዝግ ነው። ምን ዓይነት ሠርግ ነው?

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 29

ማታ ማታ መውጣቱን አቁመዋል። እሱና ማሪቪክ ተጣልተው ይሆናል ብዬ ትንሽ ደስ አለኝ።

ግን ጃኬቱ ኮሌታ ሥር የተሰካ ጥቁር የሐዘን ሪባን አገኘሁ፣ ወደ ውስጥ ተገልብጦ። ይህ ምንድን ነው አልኩት። ደነገጠ። ጭራሽ ከንፈሩ ነጣ።

«የማሪቪክ አጎት ሞቶ ነው» አለኝ።

ይኸው እንግዲህ! ለአጎቷ እንደ ቤተ ዘመድ ጥቁር ይሰካል! ለመዘምራን ባልደረባ አጎት ማን ሐዘን ይቀመጣል? ይህን ብዬ ጮህኩበት። ሪባኑን ከእጄ ቀስ ብሎ ወሰደና በመሐረብ ጠቀለለው። እንደ ሥጋ ወደሙ አድርጎ ነው የጠቀለለው።

እሁድ፣ ፌብሩዋሪ 2

ኤዲታ ራሷ ደወለች! ድምፅዋ ሻክሯል፣ ጉንፋኑ ወደ እሷ ዞሮ ነው አሉ። ናናይን አገናኚኝ አልኳት።

«የለችም። ኔግሮስ ደሴት ሄዳለች፣ ዘመዶች ጋ።»

«በምን?»

«በ... በመርከብ ነዋ። አንቺ እንዴት ነሽ? ትበያለሽ? እግርሽን ሰቅለሽ ነው የምትተኚው?»

ናናይ በሕይወቷ መርከብ ላይ ወጥታ አታውቅም። ጀልባ ስታይ ያጥወለውላታል። የአባቴን ዓሣ ማጥመጃ እንኳ ከዳር ሆና ነበር የምትሰድበው። ምናልባት አዲሶቹ መርከቦች አይናወጡ ይሆናል። ሰው ሲያረጅ ጠባዩ ይለወጣል ይባላል።

ስለ አርሴኒዮ ልነግራት ፈልጌ ነበር። ስልኩ ተቋረጠ።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 8

ማሪቪክ ዛሬ ቤቴ ድረስ መጣች። በዶሮና በዝንጅብል የተሠራ የሩዝ ሾርባ በድስት ይዛ። ዓይኔን አታየኝም።

«ለባሌ ነው ለእኔ?» አልኳት።

«ለእርስዎ ነው ማናንግ ዴሊስ። ጉልበት ይሰጣል።»

«እኔ የራሴ ድስት አለኝ። የራሷ ምድጃ የጠፋባት ናት በሰው ምድጃ ዙሪያ የምትዞር።»

ፊቷ ቀላ። ትመልስልኝ ይሆናል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ጀርባዋን ሰጥታኝ የተቀመጠውን ዕቃ ሁሉ አጠበች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። የምትስቅብኝ መሰለኝ። ሄደች።

ሾርባውን አልበላም አልኩ። ከዚያ ራበኝና በላሁት። ጣፋጭ ነው፣ ይህም ያናድዳል።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 13

መጥፎ ቀን። ሩቢ ገላዋን ስትታጠብ ቦርሳዋን በረበርኩ። የወንድ ደብዳቤ፣ ፎቶ፣ የሆነ ነገር አጣለሁ? አጣሁ። መቁጠሪያና ብዙ የረጠበ መሐረብ ነው ያገኘሁት። ፎጣ እንዳገለደመች በሩ ላይ ቆማ አየችኝ።

«ወንድ ፈልገሽ ነው?»

«ለማን ነው እንግዲህ የምታለቅሺው? ማታ ማታ እሰማሻለሁ።»

«ልቅሶዬን እንኳ ተዪልኝ ማሚ!»

አባቷ ሮጦ መጣ። እሷ ግን ቀጠለች። «አንድ ቃል ልናገር። አባዬ፣ አንድ ቃል ብቻ ልንገራት...» አባቷ ሲላት የነበረው «ሩቢሊን» ብቻ ነው፣ ሙሉ ስሟን። አፏን በእጇ ይዛ ወደ ክፍሏ ገባች።

እሷ የምትነግረኝን ቃል አውቀዋለሁ። ማሪቪክ የሚለው ነው። ሌላ አይደለም።

እሁድ፣ ፌብሩዋሪ 16

ዛሬ ስለ ስልኩ አልጠየቅሁም። እሱም መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ በረዶ ሲወርድ አየን።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 22

ሩቢ ምድር ቤት ስልክ ላይ ነበረች። በማሞቂያው ቀዳዳ በኩል ድምፅ ይመጣል። «ነገ የመጨረሻው ነው። ማሪቪክ ታደርሰናለች። ማሚ ሲመሽ ትተኛለች፣ አትሰማም።»

አርሴኒዮ ደግሞ ነጭ ሸሚዙን ሲተኩስ ነበር። ለእኔ ሠርግ የለበሰው ዓይነት ነጭ። በሸሚዙ ላይ ጎንበስ ብሎ ለረጅም ጊዜ ኮሌታውን ብቻ ይተኩሳል።

ነገ በዓይኔ አያለሁ። ልጁ ደግሞ እየረገጠኝ ነው። ይቅር በለኝ፣ ማየት አለብኝ።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 25

ሆስፒታል ነኝ። ልጄ በሕይወት አለች። ሴት ናት። በመስታወት ሣጥን ውስጥ ናት፣ ክንዷ የእኔን ጣት አያክልም። እየተነፈሰች ነው። ይህን አስቀድሜ ልጻፍ።

እሁድ አመሻሽ ላይ ሁለቱም ለአንድ ሰዓት ብቻ ብለው ስልኩን አጠገቤ አስቀምጠው ወጡ። ታክሲ ጠራሁ። እግሬ አብጦ ቦት ጫማዬ እንቢ አለኝና የአርሴኒዮን የሥራ ጫማ አጠለቅሁ። ለሾፌሩ የማሪቪክን መንገድ ነገርኩት። በልቤ የምላትን ሁሉ እየተለማመድኩ ነበር። ግን ገና ሳንደርስ፣ ማናንግ ሶሊንግ ደጅ ላይ ቀይዋን መኪና አየኋት። ሌሎችም መኪኖች ነበሩ፣ መንገዱን ሞልተውታል።

ያን ጊዜ ለሾፌሩ ወደ ቤት መልሰኝ ልለው ፈለግሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ማየት የፈለግሁት ይህን አልነበረም? አቁም አልኩት።

አላንኳኳሁም። መግቢያው ላይ ጫማ ተቆልሏል። ከውስጥ የሩቢ ድምፅ ይሰማል፣ በገዛ ቋንቋችን፣ በናናይ ዜማ፣ ናናይ መጨረሻው ላይ እንደምትጎትተው እየጎተተች። «ቅድስት ማርያም» ትላለች። ሰዉ ሁሉ «ለምኝላት» ይላል። ለምኝላት። ለምኝላት።

ጠረጴዛው ላይ ናናይ ነበረች። ፎቶዋ በሻማ መሐል። ከፊቷ አንድ ሳህን ሩዝ፣ የደረቀ ዓሣና እሷ የምታጨሰው ዓይነት ጥቅል ትምባሆ። አርሴኒዮ በነጭ ሸሚዙ ተንበርክኮ ነበር። ማሪቪክ ሽርጥ አድርጋ ትሪ ይዛ ከማእድ ቤት ስትወጣ መጀመሪያ ያየችኝ እሷ ናት፣ ትሪው ከእጇ ወደቀ። ሁሉም ዞረ። ሩቢ ብቻ አልዞረችም። ጸሎቱን አላቋረጠችም፣ ልታቋርጠው አልፈለገችም።

ማሪቪክ እንደምትለኝ ከሆነ እኔ ያልኩት «ያለ እኔ ጀመራችሁ?» ነው። እኔ እንደዚያ ማለቴ ትዝ አይለኝም። እንዴት እላለሁ? አላውቅም ነበር እኮ።

ከዚያ ውሃዬ ፈሰሰ፣ በአርሴኒዮ ጫማ ላይ።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 27

ናናይ የሞተችው ያን ቀን ነው፣ ስልኩ ጎህ ሳይቀድ የጮኸ ዕለት። ሳንባዋ ነው። ያን እሁድ በር ላይ አትቀመጪ ስትለኝ ከአልጋ ተነስታ ነው ወደ ሱቅ የሄደችው፣ በሰው ተደግፋ። እየተፈራረቁ ወጥተው እንደ ወጋችን ዘጠኝ ማታ የጸለዩት ለእሷ ነበር። ያለፈው እሁድ ደግሞ አርባዋ ነበር።

ይህን ሁሉ የነገረኝ አርሴኒዮ ነው፣ ወለል ወለሉን እያየ።

«ማን ፈቀደልህ?» አልኩት። «እናቴን ለመቅበር የሚደውሉልኝን ስልክ አንተ ማን ነህና ታነሳለህ? ሰው እናቱ ሞታ ሾርባ ሲበላ ከርሞ!»

«ዶክተሩ...»

«ዶክተሩ የእኔን እናት አያውቃትም!»

ከዚያ እንዲህ አለ፣ ቃሉን እንዳለ እጽፈዋለሁ። «ሁለቱን የቀበርኳቸው እኔ ነኝ ዴሊስ። አንቺ ተኝተሽ ነበር፣ ያስረከቡኝ ለእኔ ነው። ሦስተኛውን መቀበል አልቻልኩም። ብትጠዪኝ ይሻለኛል ብዬ አሰብኩ።»

ያስረከቡት ለእሱ እንደሆነ አላውቅም ነበር። ጠይቄው አላውቅም።

ውጣ አልኩት። ወጣ፣ ግን ኮሪደሩ ላይ ወንበር ላይ ነው ያደረው። ነርሷ ነገረችኝ።

አላለቀስኩም። ሁሉም እንዳለቅስ ይጠብቃል። ማናንግ ሶሊንግ መሐረብ አዘጋጅተው ነው የሚገቡት። ምንም አይመጣም።

እሁድ፣ ማርች 2

ማሪቪክ መጣች። ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ። ስለ ድስቱ፣ ስለ ምድጃው ያልኩሽን... ስላት አቋረጠችኝ።

«ማናንግ ዴሊስ፣ እውነት ከአርሴኒዮ ጋር ነው የጠረጠሩኝ? መቁጠሪያ መሐል ላይ ከሚያንኮራፋ ሰውዬ ጋር? አራተኛው ማታ ላይ በክርኔ ስጎስመው "ለምኝላት" ማለቱን ትቶ "ልክ ነሽ" አለ እኮ!»

ሳቅሁ። የኦፕራሲዮኑ ስፌቴ የተቀደደ መሰለኝ። እሷም ያን ሁለት ቤት የሚሻገረውን ሳቋን ለቀቀችው፣ ነርሷ በበሩ ብቅ ብላ ተቆጣች። ከዚያ ማሪቪክ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ቃሉ ግን ቆርጦኛል» አለችኝ። «ዕቃውን ሳጥብ ነበር ያለቀስኩት።» አዎ አልኳት። አየሁሽ ነበር አልኳት። ፀጉሬን ፈትታ ሠራችልኝ።

ሐሙስ፣ ማርች 6

ሩቢ ሆስፒታል ትመጣለች፣ እህቷን ታያለች፣ እኔን አታናግርም። «ደህና ነሽ?» «ደህና።» «ምሳ በላሽ?» «እ።»

አሁን ነው የሚገባኝ። ሩቢ ናናይ፣ እማዬ፣ ብላ የምትጠራው አያቷን ነበር። እኔን ማሚ። ይህ ሁሌ ይከነክነኝ ነበር፣ ግን ናናይን ምን እላታለሁ፣ በሰባት ዓመቷ ጥያት የመጣሁ እኔ ነኝ። ጥርሷ ሲነቃነቅ በክር ያወለቀችላት ናናይ ናት። ደም ሲመጣባት ያስረዳቻት ናናይ ናት። ስለዚህ ያን ጠዋት እናቷ ነው የሞተባት። እናቷ ሞታባት፣ ውሃ ከፍታ አልቅሳ፣ ፊቷን አድርቃ ወጥታ ለእኔ ሾርባ አሞቀች። እኔ ደግሞ ወንድ አለ ብዬ ቦርሳዋን በረበርኩ።

አርሴኒዮ ዛሬ ነገረኝ። ልሂድና ልቅበራት ብላ ለምናው ነበር። አንቺ ከሄድሽ እናትሽ ታውቃለች አላት። ቀረች። ለእኔ ስትል ቀረች፣ ለእኔ ስትል አልቀበረቻትም።

እሱን እስካሁን ይቅር አላልኩትም። ግን ዛሬ ከኮሪደሩ አስገብቼ ከትሪዬ ግማሹን አብልቼዋለሁ። ከስቷል።

ቅዳሜ፣ ማርች 8

ሕፃኗ ክብደት ጨመረች። በመስታወቱ ቀዳዳ እጃችንን ማስገባት ፈቀዱልን። ሩቢ በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላው ሆንን። ሩቢ ተረከዟን በጣቷ ጫፍ ነካቻት፣ ልጅቷ እግሯን ሰበሰበች።

«ስም እናውጣላት» አልኩ። «ኤስኮላስቲካ እንበላት፣ በናናይ ስም።»

«እንዳታደርጊው!» አለች ሩቢ ቶሎ። ከሳምንታት በኋላ ቀና ብላ ያየችኝ ያን ጊዜ ነው። «ስሟን ትጠላው ነበር።»

«ናናይ? ኧረ የት! የቅድስት ስም ነው እያለች ትኮራበት አልነበር?»

«ለቄሱ ነው እንደዚያ የምትለው። ማታ ስንተኛ ግን፣ "ይህን ስም ያወጣልኝን ሰው ባገኘው ፀጉሩን እነጭለት ነበር" ትላለች። ትምህርት ቤት ይስቁባት ነበር። ስሟን መጻፍ ሲጀምሩ ሌሎቹ ጨርሰው ይወጣሉ፣ እሷ ትቀራለች።»

ይህን አላውቅም ነበር። እናቴ ነበረች፣ በእሷ ማሕፀን ነው የኖርኩት፣ ይህን ግን አላውቅም። ሌላም የማላውቀው እንዳለ ገባኝ። ዘጠኝ ዓመት እኮ ነው። በእሁድ እሁድ ስልክ ያገኘኋት የሴትዮዋን ቁራጭ ነው። ሙሉዋን ያገኘቻት እዚህ ከፊቴ የቆመችው ናት።

«ሩቢ» አልኳት። «ንገሪኝ።»

«ምኑን?»

«ስለ እሷ። ከሄድኩበት ቀን ጀምረሽ።»

እጇን ከመስታወቱ ልታወጣ ነው ብዬ ፈራሁ። አላወጣችም። የእህቷን ተረከዝ በአውራ ጣቷ ዳበሰች።

«ያን ቀን አላለቀሰችም» አለች። «ከአውሮፕላን ማረፊያ ስንመለስ፣ እኔ ስነፋረቅ፣ እሷ ደርቃ ተቀምጣለች። ከአውቶቡስ እንደወረድን ቀጥታ ገበያ ወሰደችኝ። ዓሣ ሻጩ ዋጋ ሲነግራት ሌባ አለችው። እሱም ባንቺ ቤት ዓሣው ከባሕር ራሱ ይመጣል እንዴ አላት። እሷ የእናቱን ስም ጠራች፣ የአያቱን ስም ጠራች፣ ገበያው ሁሉ ቆሞ ያያል። ሰውዬው በመጨረሻ ዓሣውን አንስቶ "ውሰጅው በነፃ፣ ብቻ ሂጂልኝ!" ብሎ ቅርጫቷ ውስጥ ወረወረው። ናናይ ዓሣውን አየችው፣ ሰውዬውን አየችው፣ ከዚያ እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ ብላ "ልጄ ሄደችብኝ እኮ" አለችው። ሰውዬው ሚዛኑን ትቶ አጠገቧ ተቀመጠ።»

ሩቢ ታወራለች። እኔ መስታወቱን ግንባሬ ነክቶት ነበር፣ ምን ጊዜ እንደነካው አላውቅም። እስካሁን አንድ ዘለላ እንባ አልወጣኝም ነበር። ዓሣው ላይ ስትደርስ አለቀስኩ።